ዐፄ ቴዎድሮስና ልክ ያጣው ምኞታቸው

ልበ ሰፊነት ከእግዚአብሔር የሚሰጥ ጸጋ ነው፤ ልጓም ሲያጣ ግን ባለቤቱን ከሚያከብሩት ሰዎች ይለየዋል። የዐፄ ቴዎድሮስን ስም በፉከራ ብቻ የምናነሣ ብዙዎች ነን፤ ከደረስጌ እስከ መቅደላ ያለውን የ13 ዓመት መንገድ በማስተዋል የተከተለ ሰው ግን ከማድነቁ ጋር ማዘኑ አይቀርም።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። በልጅነታቸው በጨንከር በተክለ ሃይማኖት ገዳም ሲማሩ ገዳሙ በመሳፍንቱ ጦርነት ተወረረ፤ የተማሪዎችም ደም ፈሰሰ። ካሣ ግን አመለጡ። ይህን አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አደረጉ፤ ውቤ ለራሳቸው መንገሻ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም አቡነ ሰላማ ቅብዓ መንግሥት ቀቧቸው። ቴዎድሮስ የተባሉት ያን ጊዜ ነው። ይህ ስም በፍካሬ ኢየሱስ ከመከራ ዘመን በኋላ በጽድቅ እንደሚነግሥ የተነገረለት ንጉሥ ስም ነው። የትንቢትን ስም በራስ ላይ መጫን ከዘውድ ይከብዳል፤ እንዲህ ያለ ሰው የሚቃወመውን ሁሉ የእግዚአብሔር ተቃዋሚ አድርጎ ወደማየት ይደርሳልና።

ሲጀምሩ ሕዝቡ በፍቅር ተከተላቸው። ዘመነ መሳፍንትን አበቁ፤ የባሪያን ንግድ ከለከሉ፤ ወንበዴው ወደ እርሻው እንዲመለስ አዘዙ፤ ከወይዘሮ ተዋበች ጋርም በአንድ ለአንድ ጋብቻ በንጽሕና ኖሩ። ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ከዚያ በኋላ ቁጣቸውን የሚያበርድላቸው ሰው እያነሰ ሄደ።

ነገሩ የከፋው በቤተ ክርስቲያን ርስት ነው። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ ብለው የቀረው መሬት ለጭፍራ እንዲሆን ፈለጉ። እውነቱን ለመናገር፣ በርስቱ እየኖረ የማያገለግል ካህን በዚያ ዘመን አልጠፋም፤ ንጉሡም ሠራዊታቸውን የሚመግቡበት ቸግሯቸው ነበር። ነገር ግን በጉባኤና በምክር ሊቃና የሚችለውን በትእዛዝ ፈጸሙት። በ1856 ዓ.ም. የቀቧቸውን አባት አቡነ ሰላማን በመቅደላ አሰሩ። በሳሙኤል እጅ የተቀባው ሳኦል በኖብ ካህናት ላይ ያደረገውን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ይሰቀቃል።

በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱም አልተረፉም። የገዳሙን መወረር በልጅነታቸው ያዩ ዓይኖች የዐርባ አራቱን ታቦት ከተማ ጢስ አዩ። ከዚህ በኋላ የቀረላቸው መታዘዝ የፍርሃት ነበር። ልጅ ምኒልክ አስቀድመው በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠዋል፤ ወታደሩ ሌሊት ሌሊት ይከዳ ጀመር። ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው መንገድ ይጠርጉ ነበር። ትጋታቸው አልቀነሰም ነበር፤ የቀነሰው ሰው ነው።

የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት ደረሰ። በጸሎተ ሐሙስ፣ ካህናት እግር በሚያጥቡበት ቀን፣ ንጉሡ ብዙ እስረኞችን ገድለው ወደ ገደል አስጣሉ። በዕለተ ስቅለት ፊታውራሪ ገብርዬ በእሮጌ ወደቁ። ከትንሣኤ በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በማዕዶት ሰኞ፣ ጥቂት ታማኞች ብቻ በቀሩበት በር ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። በዚያች ሰዓት ሊገሥጻቸውም ሊያጽናናቸውም የሚገባው አባት በአምባው ላይ አልነበረም፤ አቡነ ሰላማ ከስድስት ወር በፊት፣ በጥቅምት፣ እዚያው በእስራት ሳሉ ዐርፈው ነበር።