ከስቅላት ወደ እስራት፣ ከእስራት ወደ ስቅላት፦ የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ፍርድና የምሕረት ሥልጣን

ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በታሪክ መጻሕፍትም ሆነ በጎጃም ሕዝብ ትውስታ ይበልጥ የሚታወቁት በአርበኝነታቸው ነው። የሕይወታቸው ፍጻሜ ግን ለሕግ ታሪክ ተመራማሪም መሠረታዊ ጥያቄ ያነሣል። በንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት ወደ እስራት የተለወጠ የሞት ፍርድ ምን ያህል ጽኑ ነበር?

በላይ የአቶ ዘለቀ ላቀው ልጅ ናቸው። አባታቸው ከመንግሥት ወታደሮች ጋር በተፈጠረ ግጭት በመገደላቸው፣ በላይ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር የነበራቸው ግንኙነት ገና ከጅምሩ የሻከረ ነበር። ጣሊያን አገሪቱን በ1928 ዓ.ም. ሲወር በብቸናና በዓባይ ሸለቆ አካባቢ ጦር አደራጅተው እስከ 1933 ዓ.ም. ተዋጉ። በፈረስ ስማቸው አባ ኮስትር እየተባሉ ነፃ ባወጧቸው ቀበሌዎች አስተዳደር ዘረጉ፤ ለተከታዮቻቸውም ማዕረግ ሰጡ። ማዕረግ መስጠት በሕግ የዘውዱ ሥልጣን ስለነበረ፣ በጦርነቱ ጊዜ አስፈላጊ የነበረው ይህ አሠራር በሰላሙ ጊዜ የውዝግብ ምንጭ ሆነ።

ከነፃነት በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግና የብቸና ግዛት ተሰጣቸው። ይሁን እንጂ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ገዥዎችን በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር የሚታዘዙ ደመወዝተኛ ሹማምንት አደረጋቸው። በላይም በራሳቸው ክንድ ያስከበሩትን አገር በራስ ኃይሉ በለው ጠቅላይ ገዥነት ሥር ሆነው እንዲያስተዳድሩ ተደረገ። አለመግባባቱ እየከረረ ሄዶ ወደ ሶማ ተራራ ወጡ፤ ከውጊያና ከከበባ በኋላም እጃቸውን ሰጡ። አዲስ አበባ ተወስደው በዐመፅ ወንጀል ሞት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱም በንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበሩት ሕጎች የ1923ቱ ሕገ መንግሥትና የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ እንዲሁም ፍርድ ቤቶችን ያደራጀው የ1934ቱ አዋጅ ቁጥር 2 ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ ማንም ተገዥ ከሕግ ውጪ እንዳይታሰርና እንዳይቀጣ ሲደነግግ፣ ምሕረት የማድረግና ቅጣት የማቅለል ሥልጣንን ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጥቷል። የዳኝነቱ የመጨረሻ ደረጃም የዙፋን ችሎት ነበር። ስለዚህ ፍርዱም ምሕረቱም ከአንድ ምንጭ ይፈልቁ ነበር።

በላይ ከሌሎች እስረኞች ጋር ከእስር ቤት አምልጠው ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ፤ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ ተሰቀሉ። አብረዋቸው ከተሰቀሉት መካከል በወረራው ጊዜ ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው የወጓቸው ልጅ ማሞ ኃይሉ ይገኙበታል። የማሞ አባት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከእስር በማስመለጥ ተከሰው ሞት ቢፈረድባቸውም፣ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራትና ንብረት መውረስ ተለውጦላቸው እስከ 1940ዎቹ ኖረዋል። የአባትየው ምሕረት ጸና፤ የበላይ ግን አልጸናም።

ልዩነቱን ያመጣው ማምለጡ መሆኑ ግልጽ ነው። በሕግ ዓይን ግን ከእስር ማምለጥ ራሱን የቻለ አዲስ ወንጀል ነው፤ የራሱ ክስ፣ የራሱ ማስረጃና የራሱ ቅጣት ይኖረዋል። አንዴ የተለወጠ የሞት ቅጣት በማምለጥ ምክንያት ብቻ ነፍስ ሊዘራ አይገባውም። ምሕረት እንደ ንጉሥ ስጦታ ሲታይ ግን ማምለጥ ውለታን እንደ መካድ ይቆጠራል፤ ሰጪውም መልሶ የመንሣት መብት ያለው ይመስላል።

የበላይ ጉዳይ ከግለሰብ ታሪክነት የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመጨረሻ ፍርድ ባገኘ ወንጀል ዳግም መከሰስንና መቀጣትን ይከለክላል፤ የዳኝነት ሥልጣንንም ለፍርድ ቤቶች ብቻ ሰጥቷል። እነዚህ ዋስትናዎች ምን ጉድለት ለመሙላት እንደተደነገጉ በሚገባ የሚያስረዳው እንደ በላይ ያለ፣ ባለውለታነቱም ጥፋተኝነቱም በአንድ ሚዛን ላይ የወደቀ ሰው ፍጻሜ ነው።