አል-ኸዋሪዝሚ፦ ሒሳብን ለውርስ ክፍፍል የጻፈው ሊቅ



ከገነተ ማርያምም እንምጣ ከሌላ የላስታና የወሎ ቀበሌ፣ ብዙዎቻችን በሁለት ደብተር ያደግን ነን። አንዱ የመድረሳ ነው፣ ሌላው የመንግሥት ትምህርት ቤት። በመድረሳው ፊቅህ ስንቀራ ፈራኢድ ላይ ደርሰን ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሢሶ፣ ስድስተኛ እያልን የወራሾችን ድርሻ ተምረናል። በትምህርት ቤቱ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ኳድራቲክ ኢኩዌሽን ጠበቀን። አንዱ ደብተር ለአኺራ፣ ሌላው ለፈተና ብቻ የተጻፈ ይመስላል። በዚህ እትም ታሪኩን የምናነሳው ሰው ግን ሁለቱን በአንድ ኪታብ ውስጥ ያስቀመጠ ነው።

ስሙ ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ780 አካባቢ ሲሆን፣ መጠሪያው የሚያመለክተው ኸዋሪዝምን፣ ማለትም ዛሬ በአብዛኛው በኡዝቤኪስታን ውስጥ የሚገኘውን አገር ነው። ዕድሜውን በሥራ ያሳለፈው በባግዳድ ነበር። ከ813 እስከ 833 የገዛው ኸሊፋ አል-መእሙን ሊቃውንትን ሰብስቦ ያሠራ ስለነበር፣ አል-ኸዋሪዝሚም በይቱል ሒክማ፣ የጥበብ ቤት፣ በሚባለው ስፍራ ከሠሩት አንዱ ሆነ። እዚያ የግሪክ፣ የፋርስና የሕንድ መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ይመለሱ ነበር። እሱም የከዋክብትን አካሄድ የሚያሰላ ሠንጠረዥ አዘጋጀ፤ የከተሞችን፣ የተራሮችንና የወንዞችን አቀማመጥ በኬክሮስና በኬንትሮስ የዘረዘረ የጂኦግራፊ መጽሐፍም ጻፈ።

ስለ ሕንድ ቁጥሮች የጻፈው መጽሐፍ ጥቅሙ ምን እንደነበር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በግዕዝ ቁጥር 10 የራሱ ምልክት አለው፣ 20ም የራሱ፣ 100ም የራሱ፤ ዜሮ የለም። ዐረቦቹም በፊደል የሚቆጥሩበት አብጀድ እንደዚሁ ነው። በእንዲህ ያለ አጻጻፍ 347ን በ68 ለማባዛት የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ሕንዶች በዘጠኝ ምልክቶችና በዜሮ ማንኛውንም ቁጥር ይጽፉ ነበር። አል-ኸዋሪዝሚ ይህን ስልት ሲያስተምር የሕንድ መሆኑን አልደበቀም። የመጽሐፉ ዐረብኛ ቅጂ ጠፍቶ የላቲን ትርጉሙ ብቻ ነው የቀረው። አውሮፓውያን ስሙን በላቲን አልጎሪትሚ እያሉ ስለጠሩት፣ ዛሬ የኮምፒውተር ተማሪዎቻችን በየቀኑ የሚሉት አልጎሪዝም ከዚያ መጣ።

ትልቁ ሥራው ግን በአል-መእሙን ዘመን የጻፈው የአል-ጀብር ወል-ሙቃበላ ኪታብ ነው። አልጀብራ የሚለው ቃል የተወሰደው ከዚህ ርዕስ ነው። ጀብር የተሰበረን መጠገን ማለት ነው። በዐረብኛ የወጌሻ ሥራም በዚሁ ቃል ይጠራል። ከአንድ ያልታወቀ ነገር ላይ 3 ተቀንሶ 7 ቀረ ቢባል ነገሩ ጎድሏል፤ 3ቱን በሁለቱም ወገን ስንጨምር ይጠገንና 10 መሆኑ ይታወቃል። ሙቃበላ ደግሞ ማስተያየት ነው፤ በሁለቱም ወገን ያለውን ተመሳሳይ ነገር እያጣፉ ማቅለል። ዘጠነኛ ክፍል ወዲያ አሻግረው፣ ምልክቱን ቀይረው እየተባልን የሸመደድነው ሕግ መነሻው ይኸው ነው።

አል-ኸዋሪዝሚ ኤክስ ወይም ዋይ አልተጠቀመም፤ ሁሉን በቃላት ጻፈ። ያልታወቀውን ነገር ሸይእ ወይም ስር፣ ካሬውን ማል ይለዋል። ከታወቁት ምሳሌዎቹ አንዱ ይህ ነው፦ የአንድ ካሬ ስፋትና የጎኑ አሥር እጥፍ ተደምረው 39 ሆኑ፤ ጎኑ ስንት ነው? እስክሪብቶ አንሡና ካሬውን ሣሉ። አሥሩን ለሁለት ክፈሉና ወርዳቸው 5 የሆነ ሁለት ቁራጮችን በሁለቱ ጎኖች ላይ ለጥፉ። ስፋቱ በሙሉ አሁን 39 ነው፤ ግን አንዱ ማዕዘን ጎደሎ ነው። ያ ጎደሎ ማዕዘን 5 በ5፣ ማለትም 25 ነው። ሙሉት፤ 39 እና 25 ተደምረው 64 ይሆናሉ። የትልቁ ካሬ ጎን 8 ነው፤ ከዚያ 5 ሲቀነስ 3 ይቀራል። መምህሮቻችን ኮምፕሊቲንግ ዘ ስኩዌር የሚሉት፣ ስሙም እንደሚለው፣ የጎደለውን ካሬ መሙላት ነው።

ይህን ሁሉ የጻፈው ለምን ነበር? በመግቢያው ላይ ሰዎች በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በሙግት፣ በንግድ፣ በመሬት ልኬትና በቦይ ቁፋሮ የሚያስፈልጋቸውን ሒሳብ ለማቅለል መሆኑን ገልጿል። ቃሉንም ጠብቋል፤ የኪታቡ ትልቅ ክፍል የኑዛዜና የውርስ ጥያቄ ነው። አንዱን እንይ። አንድ ሰው ሁለት ወንዶች ልጆች ትቶ ሞተ። ከንብረቱ ሢሶው ለአንድ ባዕድ ሰው እንዲሰጥ ተናዟል። የተገኘው ጥሬ ገንዘብ 10 ዲርሃም ነው፤ ከልጆቹ አንዱ ደግሞ የአባቱ 10 ዲርሃም ዕዳ አለበት። ባለዕዳው ልጅ ድርሻውን በእጁ አይቀበልም፣ ከዕዳው ላይ ይታሰብለታል። ግን ስንት ይታሰብለት? ድርሻውን ለማወቅ ጠቅላላውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጠቅላላውን ለማወቅ ደግሞ ድርሻውን።

አል-ኸዋሪዝሚ የልጁን ድርሻ ሸይእ ብሎ ጀመረ። የሚከፈለው 10 ዲርሃምና አንድ ሸይእ ነው። ሢሶው ለተናዘዘለት ሰው ሲወጣ የቀረው ለሁለቱ ወንድማማቾች እኩል ይካፈላል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ድርሻም ሢሶ ነው። የ10 ዲርሃምና የአንድ ሸይእ ሢሶ ከአንድ ሸይእ ጋር እኩል ከሆነ፣ ሸይኡ 5 ነው። ከጥሬው ገንዘብ 5ቱ ለባዕዱ፣ 5ቱ ለሌላው ልጅ ይደርሳል። ያለ አልጀብራ ቤተሰብ ሊያጣላ የሚችል ጥያቄ በአራት መስመር ተፈታ።

ጉዳዩ የባግዳድ ብቻ አይደለም። እናቱን፣ ሚስቱን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ የሞተን ሰው እናስብ። ለእናት ስድስተኛ፣ ለሚስት ስምንተኛ፣ የቀረው ለልጆቹ ሁለት ለአንድ። ንብረቱ በ72 ቢመደብ ለእናት 12፣ ለሚስት 9፣ ለወንዱ 34፣ ለሴቷ 17 ይደርሳል። ይህን በወረቀት ላይ ማውጣት የሚችል ሰው በቤተሰቡ ከሌለ፣ ከብቱና ገንዘቡ በግምት ይከፈላል። በግምት ሲከፈል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የእህት ወይም የመበለት ሐቅ ነው። በሱረቱ ኒሳእ የተደነገገው ድርሻ ለባለቤቱ እንዲደርስ ቅንነት ብቻ አይበቃም፤ ክፍልፋይ መደመርም መቻል አለበት።

አል-ኸዋሪዝሚ በ850 አካባቢ ሞተ። ሥራው ግን ተሻገረ። በ1145 የቼስተሩ ሮበርት ኪታቡን በስፔን ወደ ላቲን መለሰው፤ በዚህም አውሮፓ አልጀብራን ተማረች። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጠንቀቅ። አልጀብራን የፈጠሩት ሙስሊሞች ናቸው እያልን የምንኮራበት ጊዜ አለ። ከእሱ በፊት ባቢሎናውያን፣ ሕንዶችና ግሪኮች እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ይፈቱ ነበር። የእሱ ውለታ የተበታተነውን ለይቶ፣ እኩልታዎችን በስድስት ዓይነት መድቦ፣ ለእያንዳንዱ መፍትሔ አስቀምጦ ማንም ሊማረው የሚችል ትምህርት ማድረጉ ነው። ኸሊፋው ያከበረው ሊቅ ከሌላ ሕዝብ መማርን አልናቀም። ላስታ ውስጥም ጎረቤቶቻችን የቤተ ክርስቲያን ተማሪዎች በባሕረ ሐሳብ የጾምና የበዓል ቀን ሲያሰሉ ቀሪ እያወጡ ነው የሚሠሩት። ሒሳብ ሲሠራበት የሁሉም ነው።

ስለዚህ በስሙ ከመኩራት ሥራውን ብንሠራ ይሻላል። በክልላችን በታችኞቹ ክፍሎች ሒሳብን በአማርኛ የተማረ ልጅ ቋንቋው ወደ እንግሊዝኛ የሚቀየርበት ዓመት ይመጣበታል። ብዙ ታናናሾቻችን ሒሳብ አይገባኝም ብለው የሚቆርጡት በዚያ ዓመት ነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ማኅበራዊ ሳይንስን ቢመርጡም በአሥራ ሁለተኛው አገር አቀፍ ፈተና ሒሳብ ይጠብቃቸዋል። በዚህ ክረምት ወደ ቤት ስንገባ በየመስጂዳችን ከቂርአት በኋላ አንዳንድ ሰዓት እንስጣቸው። መጀመሪያ ያንን ጎደሎ ማዕዘን በአማርኛ እንሣልላቸው፤ ቀጥሎ የ72ቱን ውርስ ያካፍሉ፤ የእንግሊዝኛው ስም ከዚያ በኋላ ይምጣ። እህቶቻችን በቅድሚያ ይቀመጡ፤ ድርሻዋን ራሷ ማስላት የምትችል ሴት ሐቋ በቀላሉ አይታለፍም።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን። ወላሁ አዕለም።