ስለ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሕይወትና ስለ እግዚአብሔር መግቦት

እግዚአብሔር ዓለምን ከፈጠረ በኋላ፥ ዘሩን በትኖ እርሻውን ለአራዊት ትቶ እንደሚሄድ ሰነፍ ገበሬ ፍጥረቱን አልተወም። ፀሓይን በየማለዳው ያወጣል፤ ዝናምን በወራቱ ይሰጣል፤ የሰውንም መንገድ ከማሕፀን እስከ መቃብር ይመለከታል። ሊቃውንት ይህን መግቦት ይሉታል። ይህን በበዓል ቀን መናገር ቀላል ነው፤ በኀዘን ቀን ማመኑ ግን ይከብዳል። ስለዚህ መግቦተ እግዚአብሔርን ከክርክር ይልቅ ከሰው ሕይወት መማር ይሻላል። በኢትዮጵያ ቅዳሴ የሚቀደስበት ደብር ሁሉ፥ ጥንታዊውም አዲሱም፥ የክህነቱን መነሻ ከአንድ ሰው ይቈጥራል፤ ይህም ሰው ፍሬምናጦስ፥ ኋላም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው ነው። የእርሱ ሕይወት ለዚህ ትምህርት ሁነኛ ምስክር ነው።

በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ በፊንቄ አገር በጢሮስ ከተማ ሜሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ ነበረ። ይህም ሰው ሩቅ አገር አይቶ ዕውቀቱን ለማብዛት ወድዶ በመርከብ ተሳፈረ። የሚያስተምራቸውን ሁለት ሕፃናት ዘመዶቹንም ይዞ ሄደ፤ የታላቁ ስም ፍሬምናጦስ፥ የታናሹም ኤዴስዮስ ይባል ነበር። ያየውን አይቶ ሲመለስ መርከቡ ውሃና ስንቅ ስለ አለቀበት በቀይ ባሕር ዳር ካለ ወደብ ቆመ። በዚያም ወራት የአገሩ ሰዎች ከሮማውያን ጋራ የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና፥ በመርከቡ ላይ አደጋ ጥለው መምህሩን ሜሮጵዮስንም መርከበኞቹንም ሁሉ ገደሉ።

ሁለቱ ሕፃናት ግን በዚያ ሰዓት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ያጠኑ ነበር። ገዳዮቹም ባገኙዋቸው ጊዜ ራሩላቸውና ወደ ንጉሡ ወሰዱዋቸው። በአንድ ቀን መምህራቸውን፥ አገራቸውንና ነጻነታቸውን አጡ፤ የቀራቸው ነፍሳቸውና የተማሩት ፊደል ብቻ ነበረ።

በዚህ ስፍራ አንባቢ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። ያን ደም ያፈሰሰ የሰው ቍጣ ነው፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ማለት በባሕርዩ ቸር በሆነው አምላክ ላይ ክፉ ነገር መናገር ነው። ደግሞም ሁለቱ ሲተርፉ ሌሎቹ ስለ ምን ሞቱ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይነቀፍም። መርከበኞቹም እናት ነበራቸው፤ በየወደቡም መምጣታቸውን የሚጠባበቅ ነበረ። የዚህ ጥያቄ መልስ ለሰው አልተገለጠም፤ ልጁን ቀብሮ ለመጣ ሰውም ምክንያቱን እናውቃለን ብሎ መናገር ድፍረት ነው። የተገለጠው ነገር ይህ ነው፤ ሰው ያፈረሰውን እግዚአብሔር ፍርስራሽ አድርጎ አይተወውም። ወንድሞቹ የሸጡትን ዮሴፍን በግብፅ የረሃብ ዘመን መጋቢ እንዳደረገው፥ የእነዚህንም ሕፃናት ምርኮ ለብዙዎች መዳኛ አደረገው። በቅኔ አነጋገር ቢመስሉት፥ ሰሙ ምርኮ፥ ወርቁ ሢመት ነበረ፤ ነገር ግን ሰሙ ሳይቀልጥ ወርቁን ያየ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም።

ንጉሡም የሕፃናቱን ጠባይ መርምሮ ኤዴስዮስን መጠጥ አሳላፊ አደረገው። ፍሬምናጦስ ግን አስተዋይና ልበ ብሩህ መሆኑን አይቶ ሒሳቡንና የደብዳቤውን ሥራ አደራ ሰጠው፤ ይህም በኋላ ዘመን በጅሮንድና ጸሐፌ ትእዛዝ እንደሚባለው ያለ ሹመት ነው። ከዛፉ ሥር ሲማረው የነበረው ፊደል በቤተ መንግሥት እንጀራው ሆነ። ብዙ ዓመትም በታማኝነት አገለገሉ።

ከዚህ በኋላ ንጉሡ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ ሞተ። ሲሞትም ለሁለቱ ምርኮኞች ወደ ወደዱበት እንዲሄዱ ነጻነት ሰጣቸው። የመርከብ ጕዞም ሲያዘጋጁ ንግሥቲቱ ልጇ አድጎ መንግሥቱን እስኪይዝ ድረስ በአስተዳደሩ እንዲረዱዋት እያለቀሰች ለመነቻቸው። መምህራቸው በተገደለበት አገር፥ በአባቱ መንግሥት ምርኮኛ ሆነው ያገለገሉትን ሕፃን ለማሳደግ የአገራቸውን ናፍቆት አቈዩ። እነርሱ ራሳቸው ያለ አሳዳጊ የቀሩበትን ቀን አልረሱምና፥ በሌላው ሕፃን ላይ ያ እንዳይደርስ ራሩ። የእግዚአብሔር ምሕረት በሰው እጅ ሲሠራ መልኩ እንዲህ ነው።

ፍሬምናጦስም መንግሥቱን ሲያስተዳድር ልቡ ወደ ሌላ ነገር ተሳበ። ከሮማውያን ነጋዴዎች መካከል ክርስቲያኖች ይኖሩ እንደ ሆነ አስፈለገ፤ ባገኛቸውም ጊዜ በየስፍራው የጸሎት ቤት እንዲሠሩ ፈቀደላቸው፤ ለሥራውም የሚያስፈልገውን ሁሉ ሰጣቸው። ጳጳስ ሳይኖር፥ በዓላቸውን በሰው አገር የሚያከብሩ ነጋዴዎች የሚሰበሰቡበት ትንሽ ቤት የታላቅ ነገር መጀመሪያ ሆነ። ዛሬ ኢዮቤልዩውን የሚያከብር ደብር ሁሉ መነሻው ይህን ይመስላል፤ አስቀድሞ ጥቂት ሰዎች ለጸሎት ይሰበሰባሉ፤ ሕንጻው፥ ደወሉና ጕልላቱ ኋላ ይመጣሉ።

የንግሥቲቱም ልጅ ካደገ በኋላ፥ ይቈዩ ዘንድ ቢለመኑም አደራቸውን ለባለቤቱ መልሰው ከአክሱም መንግሥት ወጡ። ከዚህ በኋላ መንገዳቸው ተለየ። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ገሠገሠ። ፍሬምናጦስ ግን የጌታን ሥራ ሠውሮ መሄድ አይገባም ብሎ ወደ እስክንድርያ ሄደ። በዚያም ከ328 ዓመተ ምሕረት (በአውሮጳውያን አቈጣጠር) ጀምሮ በመንበረ ማርቆስ የተቀመጠው አትናቴዎስ ነበረ። ፍሬምናጦስም የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ በዚያ አገር ለተሰበሰቡት ክርስቲያኖች የሚገባ ሰው ፈልጎ ጳጳስ አድርጎ እንዲልክላቸውም ለመነው። አትናቴዎስም ከካህናቱ ጋራ ከመከረ በኋላ ከለማኙ የተሻለ ሰው አላገኘምና፥ እርሱኑ በአንብሮተ እድ ሾሞ መልሶ ላከው። ሌላ ሰው እንዲላክ የለመነ ራሱ ተላከ። እግዚአብሔር የሰውን ጸሎት ከሚመልስባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ሕፃን ሳለ በግድ የተወሰደበትን አገር አሁን በፈቃዱ ተመለሰበት። የመምህሩን ደም በቂም አልፈለገም፤ ለገዳዮቹ ልጆች ጥምቀትን አመጣ። የአገሩም ሰዎች አባ ሰላማ፥ ከሣቴ ብርሃን ብለው ጠሩት። የኢትዮጵያ መጻሕፍት በዘመኑ የነገሡትን አብርሃና አጽብሓ ይሉዋቸዋል፤ በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ጽሕፈት ደግሞ ንጉሡን ዔዛና ይለዋል። ይህ ንጉሥ አስቀድሞ በገንዘቡ ላይ የጨረቃንና የፀሓይን ምልክት ያሳትም ነበር፤ ኋላ ግን በዚያ ፈንታ መስቀልን አደረገ። በግሪክ ቋንቋ ባስጻፈውም አንድ ድንጋይ በአብ፥ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን ገለጠ።

ፈተናም አልቀረም። የታላቁ ቈስጠንጢኖስ ልጅ ንጉሡ ቈስጠንጥዮስ የአርዮስን ወገን ይረዳ ነበርና፥ በ356 ዓመተ ምሕረት አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳደደው። በዚያም ዘመን ወደ ዔዛናና ወደ ወንድሙ ወደ ሳይዛና ደብዳቤ ልኮ፥ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአትናቴዎስ ስፍራ በተቀመጠው ሰው ፊት እንዲመረመር ጠየቀ። ይህም ደብዳቤ እስከ ዛሬ የተገኘው አትናቴዎስ ራሱ በመከላከያ መጽሐፉ ስለ ገለበጠው ነው። የአሳዳጁ ቃል በተሳዳጁ መጽሐፍ ተጠብቆ ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ግን በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸናች፤ ከእስክንድርያም ጳጳስ መቀበሏ፥ በ1951 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቈጣጠር አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ እስኪሆኑ ድረስ ቈየ።

ስለ ኤዴስዮስም ዝም ማለት አይገባም። ወደ ቤቱ በመመለሱ ከእግዚአብሔር ሥራ የወጣ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ኤዴስዮስ ግን በጢሮስ ቄስ ሆነ፤ የተደረገውንም ሁሉ ሩፊኖስ ለሚባል ጸሐፊ በቃሉ ነገረው፤ ሩፊኖስም በቤተ ክርስቲያን ታሪክ መጽሐፉ ጻፈው። እርሱ ባይናገር ኖሮ የዛፉ ጥላ፥ የንግሥቲቱ ልመና፥ የነጋዴዎቹም የጸሎት ቤት ተረስተው በቀሩ ነበር። እግዚአብሔር የሄደውንም የተመለሰውንም በየመንገዱ ተጠቀመበት፤ ማንንም በግድ አልጐተተም፤ ማንንም አልጣለም።

የእግዚአብሔር ጠባይ ከዚህ ታሪክ ይታወቃል። ታጋሽ ነው፤ ከዛፉ ጥላ እስከ ሢመቱ ድረስ ብዙ ዓመት አለፈ። ትሑትም ነው፤ ታላቁን ሥራ በሕፃናት ጥናት፥ በሒሳብ መዝገብ፥ በመበለት እንባና በነጋዴዎች ጸሎት ውስጥ ሠወረው። ዛሬም በሕጻን የንባብ ትምህርት፥ በዲያቆን መቅረዝ፥ በድኻ መባዕ ውስጥ ምን እንደ ሠወረ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሐምሌ 26 ቀን የአባ ሰላማ የዕረፍቱ መታሰቢያ በሚደረግበት ጊዜ፥ ያዘነ ሰው ኀዘኑን አይሠውር፤ ተስፋውንም አይቍረጥ፤ የአገልግሎቱም ነገር ትንሽ መስሎ የታየው ሰው አይስነፍ።

ጨለማውን በባዕድ ምርኮኛ እጅ ለገለጠ፥ ሕዝቡንም ከትውልድ እስከ ትውልድ ለሚመግብ ለአብ፥ ለወልድ፥ ለመንፈስ ቅዱስ ምስጋና ይሁን፤ ለዘላለሙ አሜን።