ሌስሊ ብራውን፦ ከግብርና ሙያ ወደ ዱር እንስሳት ጥበቃ

በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ታሪክ ስማቸው ከሚነሣ የውጭ አገር ተመራማሪዎች አንዱ ሌስሊ ሂልተን ብራውን ናቸው። ሥራቸው በሰውና በዱር እንስሳት መካከል የሚነሣው ግጭት በመሠረቱ የመሬት አጠቃቀም ጥያቄ መሆኑን ያመለክታል።

ብራውን በ1917 (እ.ኤ.አ.፤ ቀጥሎ ያሉትም እንዲሁ) በሕንድ አገር ተወለዱ። በናይጄሪያ፣ በኋላም በኬንያ በግብርና ባለሙያነት ሲያገለግሉ ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን ንስሮችንና ፍላሚንጎዎችን ያጠኑ ነበር። ኬንያ በ1963 ነፃነቷን ስትቀዳጅ የመንግሥት ሥራቸውን ትተው ለተፈጥሮ ጥናት ራሳቸውን ሰጡ።

ከዚያው ዘመን ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ተመላለሱ። በስሜን ተራሮች ዋልያን፣ በባሌ የደጋ አጋዘንን አጠኑ፤ የባሌ ተራሮችም ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረቡ። ለዋልያ ያሰጋው ጥይት ብቻ አልነበረም፤ ማረሻ ወደ ገደላማው ቁልቁለት በወጣ ቁጥር የእንስሳው መጠጊያ ይጠብብ፣ የገበሬው አፈርም ይታጠብ ነበር። ይህን የግብርና ባለሙያ ዓይን በቀላሉ የሚያስተውለው ጉዳት ነው።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከነበሩት ከኤሚል ኧርባን ጋር የሻላ ሐይቅን ፔሊካኖች አጥንተዋል፤ በ1971 የኢትዮጵያን አዕዋፍ ዝርዝር አሳትመዋል። ወሎ በረኃብ በተመታበት በ1973 ዩኒቨርሲቲው ያሳተመላቸው መጽሐፍ፣ ከርእሱ ጀምሮ፣ የተፈጥሮ ጥበቃን የአገር ህልውና ምርጫ አድርጎ ያቀርባል።

የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክም የተቋቋመው በዚያው ወቅት፣ በ1973/74 ነው። የብራውን ጥናት በይበልጥ ያተኮረው በደጋው ላይ ቢሆንም ጥያቄው ለባሮና ለአኮቦ ቆላም የተገባ ነው። ነጭ ጆሮ ቆርኬ በጋምቤላና በደቡብ ሱዳኑ ቦማ መካከል የሚጓዘው ውኃና ግጦሽ ተከትሎ ነው፤ አርብቶ አደሩም፣ ኋላ የመጡት ሰፋፊ እርሻዎችም የሚሹት ያንኑ ውኃና መሬት ነው። ስለዚህ በዚያ የፓርክ ወሰን ማስመር ብቻውን ግጭትን አያስቀርም፤ የመሬት አጠቃቀም ዕቅዱ እንስሳቱንም ነዋሪውንም አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ብራውን በ1980 በኬንያ አረፉ። ከኧርባንና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ያዘጋጁት የአፍሪካ አዕዋፍ የመጀመሪያ ቅጽ ከሞታቸው በኋላ በ1982 ታተመ።