ዐጣር፦ የሰውን ልብ በወፎች ያሳየ ገጣሚ

ፈሪዱዲን ዐጣር በ12ኛው ክፍለ ዘመን በኹራሳኗ ኒሻፑር ከተማ የኖረ መድኃኒትና ሽቶ ቀማሚ ነበር። መጠሪያውም የመጣው ከዚሁ ሙያው ነው። ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየው ግን በፋርስኛ የገጠመው «መንጢቁ ጠይር» (የወፎች ንግግር) ነው። ርዕሱ በሱረቱ ነምል የተወሳውን የነቢዩላህ ሱለይማንን (ዐ.ሰ) ታሪክ ያስታውሳል።

በግጥሙ ውስጥ ወፎች ንጉሣቸውን ሲሙርግን ፍለጋ ሊወጡ ይሰበሰባሉ፤ መሪያቸው ሁድሁድ ነው። ጉዞው ሳይጀመር ግን ሰበቡ ይደረደራል። ቡልቡል ከጽጌረዳው መለየት አይሆንለትም። ጭልፊት በንጉሥ ክንድ ላይ መቀመጡ በቅቶታል። ጉጉት በፍርስራሽ ውስጥ የተቀበረ ሀብት ላይ ዓይኗን ጥላለች። ዳክዬ ደግሞ ውሎዋ ውኃ ውስጥ ስለሆነ ከእኔ ወዲያ ንጹሕ የለም ባይ ናት። ሁድሁድ ለየሰበባቸው መልስ ይሰጣል፤ ለቡልቡልም የጽጌረዳ ውበት የጥቂት ቀናት መሆኑን ያስታውሰዋል።

የዐጣር ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ጥፋታችንን ፊት ለፊት ቢነግሩን እንከራከራለን። በዳክዬዋ ግን ስቀን ሳንጨርስ በዒባዳችን የምንኩራራውን ራሳችንን እናገኛለን። ኪነ ጥበብ ነፍስን ለመመርመር (ለሙሓሰባ) የሚያግዘው እንዲህ ነው።

ሰባቱን ሸለቆዎች አቋርጠው የደረሱት ሠላሳ ወፎች ብቻ ናቸው። በመጨረሻም ያዩት ራሳቸውን ነው፤ በፋርስኛ «ሲ ሙርግ» ማለት ሠላሳ ወፍ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1221 ሞንጎሎች ኒሻፑርን ሲያወድሙ ዐጣርም እንደተገደለ ይነገራል። አላህ ይዘንለት።

ለፈጅር ሶላት ከመነሳት፣ ለዒልም ከመቀመጥ የሚያስቀረን የእኛ ሰበብስ የየትኛው ወፍ ይሆን?