ፖሊስን ትምህርት ቤት ያስገባው ፖስተኛ

ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ ለመሆን ብዙ ነገር አይጠየቅም ነበር። ጠንካራ ሰውነት ካለህና የከተማው ፖለቲከኛ ካወቀህ በቃ፣ ተቀጠርክ ማለት ነው። ባጅ፣ ሽጉጥና ቆመጥ ይሰጥሃል፤ ከዚያ ከአንድ ነባር ፖሊስ ጋር ጥቂት ቀን ትዞራለህ። ስልጠና የሚባለው እሱው ነው። ነባሩ ጎበዝ ከሆነ ሥራ ትማራለህ። ከቁማር ቤት ጉቦ የሚሰበስብ ከሆነም እሱንም ትማራለህ።

ኦገስት ቮልመር ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ይህንን አሠራር ነው። አሜሪካኖች የዘመናዊ ፖሊስ አባት ይሉታል። የተወለደው በ1876 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ ከጀርመን ስደተኞች ቤተሰብ ነው። አባቱ የሞቱት ገና ልጅ ሳለ ነው፤ መደበኛ ትምህርቱም ከአንደኛ ደረጃ ብዙም አልዘለለም። በኋላ እናቱ ይዘውት ካሊፎርኒያ ገቡና በርክሌይ ሰፈሩ። ኦክላንድ ዘመድ ያላችሁ በርክሌይን ታውቋታላችሁ፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበትን የቴሌግራፍ መንገድ ይዛችሁ ቀጥ ካላችሁ እዚያው ናችሁ።

ቮልመር መጀመሪያ ከአንድ ሸሪኩ ጋር ከሰል፣ ማገዶና ድርቆሽ የሚሸጥ ሱቅ ነበረው። በ1898 አሜሪካ ከስፔን ጋር ጦርነት ስትገጥም ወታደር ሆኖ ፊሊፒንስ ዘመተ። ሲመለስ ፖስተኛ ሆነ። ለእኔ ከሕይወቱ ውስጥ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ፖስተኛ ማለት ሰፈሩን በር በበር የሚያውቅ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን ሥራ እንደፈታ ሳይጠይቅ የሚያውቅ ሰው ነው። ለፖሊስነት ከዚህ የተሻለ ልምምድ ከየት ይመጣል?

በ1904 አንድ ጭነት የያዘ የባቡር ፉርጎ ተፈቶ፣ ሰው ጭኖ ወደቆመ ባቡር ቁልቁል ሲንደረደር ቮልመር ዘሎ ወጣበትና ፍሬን ይዞ አስቆመው። ከተማው ጀግና አደረገው። በሚቀጥለው ዓመት የአካባቢው ጋዜጣ ባለቤት ለማርሻልነት እንዲወዳደር ገፋፋው። ያኔ የከተማው የፖሊስ አለቃ በምርጫ ነበር የሚሾመው። በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ዕድሜው 29፣ የፖሊስ ልምዱ ዜሮ።

ከዚያ ያመጣቸውን አዳዲስ ነገሮች ባጭሩ ልለፋቸው፤ ዊኪፔዲያ ላይ ሞልተዋል። ፖሊሶቹን ብስክሌት ላይ አወጣ፣ ቀጥሎ መኪና ውስጥ አስገባ። ፖሊስ ሲፈለግ የሚበራ ቀይ መብራት መንገዶች ላይ ሰቀለ። የወንጀለኛን አሠራር የሚመዘግብ መዝገብ አደራጀ። በ1921 ደግሞ ከራሱ ፖሊሶች አንዱ፣ ዶክትሬት ያለው ጆን ላርሰን፣ የመጀመሪያውን የውሸት መመርመሪያ ማሽን ሠራ።

ዋናው ግን በ1908 የከፈተው ትምህርት ቤት ነው። ፖሊሶቹ ከሥራ ሰዓት ውጪ ቁጭ ብለው ይማሩ ነበር። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማ ውስጥ ስለሆነ የሕግ መምህር መጣ፣ ማይክሮስኮፕ የሚያስተምርም መጣ። የፖሊስ ሥራን ራሱን እንዲያስተምር የተጋበዘው ግን ከጎረቤት ከኦክላንድ የመጣ ልምድ ያለው ፖሊስ ነበር። እዚህ ጋ ልብ በሉ። ቮልመር ነባሩን ፖሊስ ከስልጠናው አላባረረውም። በጨለማ፣ በጆሮ ሹክ የሚለውን ነገር ክፍል ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ ጥያቄ እየተጠየቀ እንዲናገረው አደረገ።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ አይደል? አይደለም። ሁለት ሰው የሚደባደብበት ቤት ሲደርሱ በሩ ፊት ለፊት ነው ወይስ በጎን የሚቆመው? የሰከረን ሰው በምን ቃና ነው የሚያናግሩት? መቼ ነው ዝም የሚባለው? ይሄ ዓይነቱ እውቀት መጽሐፍ ላይ አይገኝም፤ የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ነው። ችግሩ ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ጥፋቱም በዚያው መንገድ ይተላለፋል። እኛ ኢኮኖሚክስ የተማርን ሰዎች ደስ የሚለን አገላለጽ አለን፦ ወጪው የሚወድቀው ውሳኔውን በወሰነው ሰው ላይ አይደለም። መጥፎ ያስተማረው ነባር ጡረታ ይወጣል፤ ዱላውን የሚቀምሰው መንገደኛው ነው።

ስለዚህ ቮልመር ሌላ ነገር ጨመረ። አርብ አርብ ፖሊሶቹን ይሰበስብ ነበር። አዲሱም ነባሩም የሳምንቱን ስህተት እያነሳ ይነጋገራል። ማንም ማንንም መተቸት ይችላል፣ አለቃውን ራሱን ጨምሮ። ፖሊሶቹ ስብሰባውን የአጉረምራሚዎች ክበብ እንደማለት ያለ ቅጽል ስም አወጡለት። አንድ ወጣት ምልምል ተነስቶ የ20 ዓመት ነባርን ለምን እንዲህ አደረግክ ብሎ የሚጠይቅበት መሥሪያ ቤት ስንት ታውቃላችሁ? እኔ አንድም።

ለምልምሎቹ የሚነግራቸው ነገርም ከለመድነው ይለያል። ጎበዝ ፖሊስ ብዙ ሰው ያሰረ ሳይሆን ሰፈሩ ውስጥ ለእስር የሚያበቃ ነገር እንዳይፈጠር ያደረገ ነው የሚል እምነት ነበረው። እስረኛን መደብደብ በሱ መሥሪያ ቤት ከሥራ ያሰናብት ነበር። ያኔ ተጠርጣሪን እየደበደቡ ማናዘዝ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የተለመደ ሥራ መሆኑን አትርሱ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን መቅጠር ጀመረ። ማታ ፓትሮል፣ ቀን ክፍል። ጋዜጦች ቀለዱበት፤ ነባር ፖሊሶችም ቢሆኑ መጽሐፍ የያዘ ፖሊስ አይተው አያውቁም። በ1919 ከቀጠራቸው አንዱ ዋልተር ጎርደን፣ ጥቁር አሜሪካዊና ስመ ጥር የፉትቦል ተጫዋች ነበር። አንዳንድ ነጭ ፖሊሶች ከሱ ጋር አንሠራም ብለው አለቃው ዘንድ ሲሄዱ፣ ቮልመር የማይፈልግ ባጁን እያስቀመጠ ይውጣ እንዳላቸው ይነገራል። ያስቀመጠ የለም። ጎርደን ፖሊስነቱን እየሠራ ሕግ ጨረሰ፤ በመጨረሻም የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ገዥ ሆነ።

በ1923 ሎስ አንጀለስ ጠራችው። የመጣው ለአንድ ዓመት ነው፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ ቁማሩም፣ ድብቅ መጠጡም፣ ፖለቲከኛውም፣ ፖሊሱም የተሳሰሩበት ጊዜ ነበር። ቮልመር ፖሊሶቹን በሙሉ የአእምሮ ፈተና አስፈተናቸው፣ ስልጠና ጀመረ፣ የረጅም ጊዜ ዕቅድም ጻፈ። ነባሮቹ ግን ልባቸውን አልሰጡትም። አፍሯል መባሉን ማን ይወዳል? ስሙ የወር ስም ስለሆነ፣ መስከረም ሲጠባ ኦገስት ይሄዳል ብለው ተሳለቁበት። እውነትም ዓመቱ ሲያልቅ ሄደ። ዕቅዱ መደርደሪያ ላይ ቀረ፤ መሥሪያ ቤቱም ወደ ድሮው ተመለሰ። በርክሌይ ላይ ትንሽ ቡድን ይዞ ከአሥር ዓመት በላይ የገነባውን ሎስ አንጀለስ ላይ በ12 ወር ማምጣት አልተቻለም። እኔ እንደሚመስለኝ ፈተናውን ያስቀደመበት ቅደም ተከተል ራሱ ጎድቶታል። የሚያስተምርልህን ሰው መጀመሪያ አዋርደኸው ከዚያ አስተምርልኝ ብትለው እሺ አይልህም።

ቮልመር ቅዱስ አልነበረም። የዘመናችን ተመራማሪዎች ፊሊፒንስ ላይ ከተማረው የጦር ስልት ወደ ከተማ ፖሊስ ያስገባው ነገር አለ ብለው ይተቹታል፤ ትችቱ ባዶ አይደለም። ያም ሆኖ በ1931 በፕሬዚዳንት ሁቨር ዘመን የተቋቋመው ብሔራዊ ኮሚሽን ስለ ፖሊስ ያወጣው ሪፖርት በአብዛኛው የሱ እጅ ሥራ ነው። ስድስተኛ ክፍል አካባቢ ትምህርቱን ያቆመው ሰው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፕሮፌሰር ሆነ፤ መጀመሪያ ቺካጎ፣ ከዚያ በርክሌይ። በ1932 ከፖሊስ አዛዥነት ጡረታ ወጣ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት በፓርኪንሰንና በካንሰር ታመመ፤ በ1955፣ በ79 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ያኔ ያስተማራቸው ልጆች በየከተማው አዛዥና መምህር ሆነው ነበር። ከነሱ አንዱ፣ ኦርላንዶ ዊልሰን፣ በ1960 የቺካጎ ፖሊስን እንዲያጸዳ ተሾመ።

የነባርና የምልምል ነገር ግን አካዳሚ ስለተከፈተ ብቻ አላለቀም። ምልምሉ ትምህርቱን ጨርሶ መኪና ውስጥ ሲገባ አጠገቡ የሚቀመጠው ያው ነባሩ ነው። ቮልመር ከሞተ ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ ከበርክሌይ ብዙም በማትርቀው ሳን ሆሴ ከተማ ለዚህ መላ ተበጀ። ነባሩ ለማስተማር ራሱ ተመርጦ ይሰለጥናል፣ ስለ ምልምሉ በየቀኑ በጽሑፍ ነጥብ ይሰጣል፣ ምልምሉ ደግሞ ከአንድ አሠልጣኝ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ ለብቻው እንዲሠራ የሚፈቀድለት ይህን ሲያልፍ ነው። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ዛሬም የሚሠሩት በዚሁ ወይም ከዚህ በተቀዳ መንገድ ነው።