ጆን ፎን ኖይማን እና የጠንካራ ካርታ ፈተና

ተራ የካርታ ጨዋታ ለከፍተኛ ሂሳብ መነሻ ይሆናል ብሎ የሚገምት ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በሃያኛው ምእተ ዓመት ከተነሡት የሂሳብ ሊቃውንት በዕውቀቱ ስፋት አቻ ያልተገኘለት ጆን ፎን ኖይማን፣ የተቀናቃኙን አቋም በማያውቅ ሰው ላይ የሚወድቀውን የውሳኔ ችግር በሂሳብ ሲመረምር ዋና ምሳሌ ያደረገው ፖከርን ነበር። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፎን ኖይማን ታኅሣሥ 28 ቀን 1903 በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ተወለደ። አባቱ የባንክ ባለሙያ ነበሩ። ልጁ ገና በትምህርት ቤት ሳለ በሂሳብ ችሎታው መምህራኑን ያስደነቀ ቢሆንም፣ አባትየው ሂሳብ ብቻውን እንጀራ አይሆንም የሚል ሥጋት ስለ ነበራቸው የኬሚካል ምሕንድስና እንዲያጠና ተወሰነ። ወጣቱም ሁለቱን ጎን ለጎን በማስኬድ፣ በ1926 ከዙሪክ የፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም የኬሚካል ምሕንድስና ዲፕሎማ፣ ከቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሂሳብ የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በጎቲንገን የሂሳብ ማኅበር ፊት ስለ ጨዋታዎች አንድ ጥናት አቀረበ፤ ጥናቱም በ1928 ታተመ። ፈረንሳዊው ኤሚል ቦሬል ቀደም ብሎ በዚሁ ጉዳይ ላይ ጽፎ ነበር፤ አጠቃላይ መፍትሔ መኖሩን ግን አላረጋገጠም። ፎን ኖይማን ያረጋገጠው ይህንን ነው፤ ይኸውም አንዱ የሚያገኘው ሌላው ከሚያጣው ጋር እኩል በሆነበት የሁለት ሰዎች ጨዋታ፣ እያንዳንዱ ወገን ተቀናቃኙ ምንም ቢያደርግ ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይጎዳ የሚጠብቀው ስልት መኖሩን ነው። ይህ ስልት አንዳንድ ጊዜ ምርጫን ለዕድል በመተው የሚገኝ ነው።

በቼዝ ሁሉም በግልጽ ይታያል፤ በፖከር ግን የተቀናቃኝ እጅ የተሸፈነ ነው። የችግሩ ክብደት በይበልጥ የሚታየው የውርርድ ወሰን በሌለበት የፖከር ዓይነት ነው። አንድ ተጫዋች በእጁ ንግሥት ይዞ፣ በጠረጴዛው ላይ ከተገለጡት ካርታዎች ትልቋ ሌላ ንግሥት ብትሆን ጠንካራ ጥንድ አገኘ ማለት ነው። ነገር ግን ተቀናቃኙ ከመጀመሪያው ከፍ ያለ ገንዘብ ያስያዘ እንደሆነ፣ ሁለት ንጉሥ ወይም ሁለት አስ ደብቆ ሊሆን ይችላል። ባለ ንግሥቱ ብዙ ቢያስይዝ ደካማዎቹ ካርታቸውን ጥለው ይሄዳሉ፤ የሚቀሩት በአመዛኙ የሚበልጡት ናቸው። ዝም ቢል ደግሞ ሊያገኝ የሚችለውን ያጣል።

በፎን ኖይማን ስም በሚታወቀው ቀላል የፖከር ሞዴል ይህ ፈተና በቁጥር ይታያል። ሁለት ተጫዋቾች ከ0 እስከ 1 ካሉት ቁጥሮች አንዳንድ በምሥጢር ይደርሳቸዋል፤ ትልቁን የያዘ ያሸንፋል። አንደኛው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ በመሀል ከተቀመጠው ገንዘብ ጋር እኩል ያስይዛል። ሁለተኛው ደግሞ ወይ እኩል አስይዞ ካርታው እንዲገለጥ ያደርጋል፣ ወይ ይተዋል። ስሌቱ ሲሠራ ሁለተኛው ተጫዋች ቁጥሩ ከ5/9 በላይ ሲሆን ብቻ ውርርዱን ይቀበላል። አንደኛው ቁጥሩ ከ7/9 በላይ ሲሆን ያስይዛል፤ ከ1/9 በታች ሲሆንም ለማስፈራራት ያስይዛል፤ በመካከል ያለውን ሁሉ በዝምታ ያሳልፋል።

ለምሳሌ 0.7 የደረሰው ተጫዋች ከመቶ ሰባውን ይበልጣል፤ ሆኖም ማስያዝ የለበትም። ውርርዱን ከሚቀበሉት ከ5/9 በላይ ካሉት ቁጥሮች እርሱ የሚያሸንፈው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ነውና። እንግዲህ የአንድ እጅ ጥንካሬ የሚመዘነው ከሁሉ ጋር በማነጻጸር ሳይሆን፣ ከውርርዱ በኋላ ከሚቀሩት ጋር በማነጻጸር ነው። ባዶ ማስፈራራትም የሱስ ወይም የድፍረት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ታየ፤ ያለ እርሱ ጠንካራው ውርርድ ወዲያው ስለሚታወቅ ማንም አይቀበለውም።

ሞዴሉ ግን ወሰን አለው። በእውነተኛው ጠረጴዛ ገና የሚገለጥ ካርታ ስለሚኖር፣ ዛሬ የሚበልጠው እጅ በሚቀጥለው ካርታ ሊበለጥ ይችላል፤ ስለዚህ መታገሥም ዋጋ ያስከፍላል። ስሌቱ ለአስተዋይነት መለኪያ ይሰጠዋል እንጂ ቦታውን አይወስድም።

ፎን ኖይማን በ1930 ወደ ፕሪንስተን ተሻግሮ፣ ከ1933 ጀምሮ በዚያው ከተማ በሚገኘው የከፍተኛ ጥናት ተቋም ፕሮፌሰር ሆነ። ከኢኮኖሚ ምሁሩ ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር የጻፈው ስለ ጨዋታዎችና ስለ ኢኮኖሚ ባሕርይ የሚያትተው ታላቅ መጽሐፍ በ1944 ታተመ፤ ለፖከርም ሰፊ ቦታ ሰጠ። እርሱ ራሱ ግን በፖከር ጠረጴዛ ላይ የተለየ ዝና አልነበረውም። የሥራ ባልደረባው ኒኮላስ ሜትሮፖሊስ 10 ዶላር ካሸነፈው በኋላ፣ በአምስቱ ይህንኑ መጽሐፍ ገዝቶ የቀረውን አምስት ለድሉ ማስታወሻ በሽፋኑ ውስጥ እንደ ለጠፈው ይነገራል።

በጦርነቱ ዘመን በሎስ አላሞስ ለአቶሚክ ቦምብ ሥራ የፍንዳታ ስሌቶችን ሠራ። በ1945 የጻፈው ሪፖርትም ትእዛዝና መረጃ በአንድ ማኅደር ለሚቀመጡበት ኮምፒዩተር ንድፍ መሠረት ሆነ። በ1955 የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን አባል ሆኖ ተሾመ። በዚያ በቀዝቃዛው ጦርነት ወቅት ሶቪየት ኅብረትን ቀድሞ መምታት ይሻላል ከሚሉት ወገን ነበር። በ1928 ያረጋገጠው ሕግ ግን የሚጸናው የአንዱ ጥቅም የሌላው ጉዳት በሆነበት ጨዋታ ብቻ ነው፤ በኑክሌር ጦርነት ሁለቱም ወገኖች ያላቸውን ሁሉ ሊያጡ ይችላሉ። በእንዲህ ያለ ጨዋታ የካርታ ጠረጴዛ ስሌት ብቻውን መሪ ሊሆን አይችልም።

ፎን ኖይማን በካንሰር ሕመም ተይዞ የካቲት 8 ቀን 1957 በዋሽንግተን በ53 ዓመቱ ዐረፈ። ለመሐንዲስ የተወው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። የአንድ ሥራ ጥንካሬ የሚለካው በአማካይ ሁኔታ ሳይሆን በእርግጥ በሚገጥመው ፈታኝ ነው፤ ማንኛውም ስሌት ደግሞ የሚያገለግለው የተመሠረተበት ግምት እስከ ጸና ድረስ ብቻ ነው።